የሞል ወንዝ
ሞል በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኝ፣ ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ወንዝ ነው። ከዌስት ሰሴክስ አውራጃ ከረስፐር መንደር አካባቢ ይነሣል፤ የሰሪን አውራጃ አቋርጦ በኢስት ሞልዚ፣ ከሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ትይዩ፣ ከቴምዝ ይቀላቀላል። ትንሽ ይሁን እንጂ ጠባዩ ከድንጋይ ድንጋይ ይለዋወጣል።

የላይኛው ተፋሰስ ሸክላማ አፈር ነው። ሸክላ ውሃ ስለማያሰርግ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ ተጠራርጎ ወደ ሞልና ወደ ገባሮቹ ይወርዳል፤ ወንዙም ቶሎ ይሞላል። ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ ሞል የሚያልፈውም ከመንደርደሪያው ሥር በተሠራ ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የገና ዋዜማ በአካባቢው የደረሰው ጎርፍ የሰሜን ተርሚናሉን መብራት አቋርጦ በርካታ በረራዎችን አሰርዟል።

ከዶርኪንግ ከተማ ወዲህ ያለው ክፍል ግን ከሁሉም የበለጠ የሚያስደንቀው ነው። ወንዙ ወደ ሰሜን ታጥፎ የኖርዝ ዳውንስን የጠመኔ ተራሮች ለሁለት ይሰነጥቃል። በምሥራቅ በኩል 224 ሜትር ከፍታ ያለው ቦክስ ሂል ይገኛል፤ ወንዙ እግሩን እየሸረሸረ ገደል አድርጎታል። ጠመኔ ስንጥቅ የበዛበት ድንጋይ በመሆኑ በወንዙ ወለልና ዳር ውሃ የሚሰርግባቸው ጉድጓዶች አሉ። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ይህ ብዙም አይታወቅም። በጋው ሲበረታ ግን፣ ለምሳሌ በ1976ቱ ድርቅ እንደታየው፣ በሚክልሃምና በሌዘርሄድ መካከል ወለሉ ባዶውን ይቀራል። ያን ጊዜ ያየ ሰው ወንዙ ሞተ ሊል ይችላል፤ ውሃው ግን በድንጋዩ ስንጥቆች ከመሬት በታች ተጉዞ በሌዘርሄድ አካባቢ በምንጭነት ይወጣል።

ቦክስ ሂል ሥር እግረኛ የሚሻገርባቸው ድንጋዮች ተደርድረዋል። የቀድሞዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠላት እንዳይጠቀምባቸው ተነሥተው ነበር፤ የዛሬዎቹን በ1946 መርቆ የከፈተው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌመንት አትሊ ነው።

ከሌዘርሄድ በኋላ ሞል በኮባም በኩል እየተጠማዘዘ በዝግታ ይፈሳል። ኤሸርን ሲያልፍ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ኤምበር ይባላል። በመስከረም 1968 የደረሰው ከባድ ጎርፍ ሞልዚን ካጥለቀለቀ በኋላ ኤምበር ተቆፍሮ ሰፋ፤ ዛሬ የጎርፉን ውሃ የሚሸከመው በዋናነት እሱ ነው። ሁለቱ ቅርንጫፎች ቴምዝ ከመድረሳቸው በፊት እንደገና ይገናኛሉ።