ትራንስፎርመር፣ ብረትና የኃይል ቁጠባ ደንብ፦ የአሜሪካው ክርክር

አሜሪካ ውስጥ ከ60 እስከ 80 ሚሊዮን የማከፋፈያ ትራንስፎርመሮች እንዳሉ ይገመታል። ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉት፣ መንገድ ዳር በአረንጓዴ ሣጥን የሚቀመጡት፣ ፎቅ ሥር የሚገቡት ሁሉ ከዚህ ይቆጠራሉ። ሥራቸው ከፍተኛውን ቮልቴጅ ቀንሰው ለቤትና ለሱቅ ማድረስ ነው። እኛ ዘንድ "ትራንስፎርመር ፈነዳ" ካልተባለ በቀር ስማቸው አይነሳም። እዚያ ግን ከ2022 መጨረሻ እስከ 2024 ጸደይ ድረስ ሴናተሮችን፣ የሠራተኛ ማኅበራትንና የመብራት ኩባንያዎችን ሲያነጋግሩ ቆይተዋል። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ ኃይል እንዳይባክን ደንቡ ሲጠብቅ፣ ዕቃውን አገር ውስጥ የሚያመርተው ፋብሪካ ምን ይሆናል? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብክነቱ የት ነው?

ትራንስፎርመር ሁለት ዓይነት ብክነት አለው። አንዱ በሽቦው ጥቅል ውስጥ የሚጠፋው ነው። ይሄ ከተጠቃሚው ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሌላው መሃል ላይ ባለው ብረት፣ ባለሙያዎቹ ኮር በሚሉት ውስጥ የሚጠፋው ነው። ይሄኛው ሰው መብራት ተጠቀመም አልተጠቀመ 24 ሰዓት አይቆምም። የአንዱ ትራንስፎርመር ኪሳራ ከቁብ አይቆጠርም። በ60 ሚሊዮን ሲባዛ ግን ሌላ ነገር ነው።

የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በ1975ቱ የኢነርጂ ፖሊሲና ቁጠባ ሕግ ላይ ተመሥርቶ ለዕቃዎች ዝቅተኛ የብቃት ደረጃ ያወጣል። በዘይት ለሚቀዘቅዙት የማከፋፈያ ትራንስፎርመሮች የወጣው የመጀመሪያው ደረጃ በ2010 ሥራ ላይ ዋለ። ቀጥሎ የጠበቀው ከ2016 ጀምሮ ጸና። ዛሬ ተራው የምሰሶ ትራንስፎርመር ብቃቱ 99 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ በቀረችው አንድ በመቶ ክፍልፋይ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለት ብረት፣ ሁለት ከተማ

ኮር የሚሠራበት ብረት ሁለት ዓይነት ነው። ነባሩ ሲሊከን የተቀላቀለበት ነው፤ ሲሊከኑ 3 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሲዳመጥና በእሳት ሲያልፍ በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ባንድ አቅጣጫ እንዲሰለፉ ይደረጋል። መግነጢስ በዚያ አቅጣጫ በቀላሉ ይመላለሳል፤ ብክነቱም ይቀንሳል። ዘዴውን በ1934 የፓተንት መብት ያገኘበት አሜሪካዊው ኖርማን ጎስ ነበር። ለአጠቃቀም ይመቸን ዘንድ ይህን "የሲሊከን ብረት" እንበለው።

ሁለተኛው አሞርፈስ የሚባለው ነው። የቀለጠው ብረት በፍጥነት በሚሽከረከር ቀዝቃዛ ጎማ ላይ ይፈስና በሴኮንድ በሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ፍጥነት ይቀዘቅዛል። አቶሞቹ ለመደርደር ጊዜ ስለማያገኙ እንደተዘበራረቁ ይረጋሉ። የሚወጣው ሪባን ውፍረቱ ከሚሊሜትር አርባኛ እጅ አይበልጥም። በኮሩ ውስጥ የሚጠፋው ኃይል ከሲሊከን ብረቱ ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ታዲያ ሁሉም ለምን ወደሱ አይሄድም? አንደኛ፣ መግነጢስ የመያዝ አቅሙ ያነሰ ስለሆነ ኮሩ ይገዝፋል፤ ይከብዳልም። ምሰሶ ላይ ለሚሰቀል ዕቃ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ሪባኑ ተሰባሪ ነው። የሲሊከን ብረት መቁረጫው፣ መጠቅለያውና ምድጃው ለዚህኛው አይሆኑም። ትራንስፎርመር ሠሪው ከመሣሪያው ብዙውን መቀየር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለትራንስፎርመር የሚሆነውን የሲሊከን ብረት አሜሪካ ውስጥ የሚያመርት አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ ክሊቭላንድ ክሊፍስ። ሌላው አምራች አሌጌኒ ቴክኖሎጂስ በ2016 ከሥራው ወጣ። ክሊፍስ ደግሞ በ2020 ኤኬ ስቲልን ሲገዛ በፔንሲልቬንያ የሚገኘውን የበትለር ፋብሪካና በኦሃዮ የሚገኘውን የዛንስቪል ፋብሪካ አብሮ ወረሰ። (በ2024 በዶናልድ ትራምፕ ላይ የግድያ ሙከራ የተደረገው እዚያው በትለር አጠገብ ነው።) በትለር ውስጥ ከሺህ በላይ ሠራተኛ እንጀራው ከዚህ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። የአሞርፈሱም ነገር ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው ዋና አምራች መትግላስ በሳውዝ ካሮላይና ኮንዌይ ከተማ ያለ ፋብሪካ ሲሆን ባለቤቱ ቀድሞ ሂታቺ ሜታልስ ይባል የነበረው የጃፓኑ ፕሮቴሪያል ነው።

ስለዚህ ደንቡ ውስጥ የምትጻፈው የብቃት ቁጥር ከነጥብ በኋላ ባለው አኃዝ ትንሽ ከፍ ስትል ገበያው ካንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይሄዳል። በእኔ ግምት ክርክሩን ያከረረው ይሄ ነው። በየዓይነቱ አምስት ስድስት አምራች ቢኖር ኖሮ ደንቡ ይህን ያህል አያጯጩህም ነበር።

የ2022ቱ ረቂቅ

መሥሪያ ቤቱ በታኅሣሥ 2022 ያቀረበው ረቂቅ ጠንካራ ነበር። በሥራ ላይ ቢውል አዲስ የሚመረቱት ትራንስፎርመሮች ከሞላ ጎደል በሙሉ የአሞርፈስ ኮር ይኖራቸው ነበር። በ30 ዓመት ውስጥ 340 ሚሊዮን ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ይቀንሳል ተብሎም ተሰልቶ ነበር። ማስፈጸሚያው ከ2027 ጀምሮ ነበር።

የከፋው ጊዜው ነው። ከኮቪድ በኋላ ትራንስፎርመር ጠፍቶ ነበር። ድሮ በጥቂት ወራት ይደርስ የነበረ ትእዛዝ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅ ጀመር። ቤቱ ተሠርቶ አልቆ መብራት የሚያስገባለት ትራንስፎርመር አጥቶ ይቀመጥ ነበር። አውሎ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ መለወጫ የሚሆን ዕቃ ከመጋዘን አይገኝም። ፕሬዚዳንት ባይደን ራሳቸው በሰኔ 2022 የመከላከያ ምርት ሕግን ጠቅሰው ትራንስፎርመርን አገር ውስጥ በብዛት ሊመረቱ ከሚገባቸው ዕቃዎች መካከል አስገብተውት ነበር። ባንድ እጅ "ምርትህን ቶሎ አብዛ" በሌላው እጅ "ማሽንህን ቀይር" ማለት ነው። የመብራት ኩባንያዎቹም ቤት ሠሪዎቹም ይሄን ነጥብ ለቀም አደረጉት። የበትለር ሠራተኞችን የሚወክለው የአውቶ ሠራተኞች ማኅበርና ክሊፍስ ደግሞ አንድ ላይ ቆሙ። አሠሪና ሠራተኛ ባንድ ድምፅ ሲናገሩ ፖለቲከኛ ጆሮ አይነፍግም፤ ከሁለቱም ፓርቲ ሴናተሮች ረቂቁን ተቃወሙ።

ሌላም የቴክኒክ ክርክር ነበር። የአሞርፈስ ጥቅሙ ጭነት በማይበዛበት ሰዓት ነው። ሰዉ የኤሌክትሪክ መኪናውን ማታ ማታ ሲሞላ ግን ትራንስፎርመሩ ማረፊያ ያጣል፤ ከኮሩ ይልቅ የሽቦው ብክነት ይገናል። የደንቡ መለኪያ ትራንስፎርመሩ በግማሽ ጭነት ሲሠራ ነው። ወደፊት ጭነቱ ምን ያህል ይሆናል የሚለው ስሌቱን ይለውጠዋል። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ የሚያልፍ ሰው የላውደን ካውንቲን የዳታ ማዕከሎች (ኃይል በብዛት የሚጠቀሙ የኮምፒውተር ሕንፃዎች) አይቶ የፍላጎቱን አካሄድ መገመት አያቅተውም።

መሃል መንገዱ

በሚያዝያ 2024 የወጣው የመጨረሻ ደንብ ብዙ ለዝቧል። እንደ መሥሪያ ቤቱ ግምት ከገበያው ሦስት አራተኛው በሲሊከን ብረት ሊሟላ ይችላል፤ ወደ አሞርፈስ የሚሄደው የቀረው ሩብ ነው። የመዘጋጃው ጊዜም ከሦስት ወደ አምስት ዓመት ተራዝሞ ማስፈጸሚያው ሚያዝያ 2029 ሆነ። ለመብራት ኩባንያዎችና ለንግድ ድርጅቶች በዓመት 824 ሚሊዮን ዶላር ያድናል ተብሏል። የልቀት ቅነሳው ግን በ30 ዓመት 85 ሚሊዮን ቶን ሆነ፤ ከረቂቁ ሩብ መሆኑ ነው። ከደንቡ ትንሽ ቀደም ብሎ መንግሥት ለበትለር እስከ 75 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ መድቦ ነበር፤ በጋዝ የሚሠሩ ምድጃዎችን በኤሌክትሪክ እንዲተካ።

እኔ ብጠየቅ መሃል መንገዱ ትክክል ነበር እላለሁ። ትራንስፎርመር በጠፋበት ሰዓት ያለውን ብቸኛ የብረት ምንጭ ማናጋት ድፍረት ነው። ሆኖም የተከፈለውን ዋጋ መደበቅ አያስፈልግም። ዛሬ የሚሰቀል ትራንስፎርመር ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል፤ የቀረው ብክነትም አብሮት ይቆያል።

ደንቡን ማለዘብ ብቻውን ፋብሪካ እንደማያቆምም ታይቷል። በ2018 በብረት ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ሲጣል የሲሊከን ብረቱ ተካተተ፤ ከሱ ተቆርጦ የተዘጋጀው ኮር ግን አልተካተተም። ጥሬውን ቀረጥ ከፍሎ ከማስገባት ያለቀውን ኮር ማስገባት አዋጭ ሆነ። ከካናዳና ከሜክሲኮ የሚገባው ኮር ጨመረ።

የዌርተን ታሪክ ደግሞ አለ። ክሊፍስ በ2024 በዌስት ቨርጂኒያ ዌርተን የነበረውን የቆርቆሮ ፋብሪካ ሥራ ሲያቆም 900 ያህል ሠራተኛ ተነካ። ደንቡ ከወጣ ከሦስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ፣ ኩባንያው በዚያው ግቢ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ የትራንስፎርመር ፋብሪካ እንደሚያቋቁምና 600 ሠራተኞችን እንደሚመልስ አስታወቀ። ከገንዘቡ 50 ሚሊዮኑ ከክፍለ ግዛቱ የሚመጣ ብድር ነበር። ብረቱ የራሱ ነው፤ ገዢ ሞልቷል፤ ደንቡም አይከለክለውም። በግንቦት 2025 ዕቅዱ ተሰረዘ። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት አብሮት ሊሠራ የነበረው አካል የፕሮጀክቱን ይዘት ስለቀየረ አያዋጣም የሚል ነበር።