ከቀያሽ ሰንሰለት እስከ ፕሮቶን፦ ስለ ርዝመት ልወጣ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመሬት ቅየሳ መለኪያን በአቶም ኒውክለስ ውስጥ ወደሚሠራበት መለኪያ መለወጥ ለዕለት ሥራው የሚያስፈልገው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም በሜትር ሲጻፍ ከቁጥር የማይገባ ስሕተት በኒውክለስ መለኪያ ሲጻፍ በቢሊዮን የሚቆጠር ስለሚሆን፣ ልወጣው የት የት ላይ እንደሚበላሽ ለማየት ከዚህ የተሻለ መልመጃ አይገኝም። በአንድ ወገን የምንይዘው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድመንድ ጉንተር እ.ኤ.አ. በ1620 ያስተዋወቀውን፣ 66 ጫማ ርዝመትና 100 እኩል ክፍሎች ያሉትን የቀያሽ ሰንሰለት ነው፤ በሌላው ወገን ደግሞ ፌምቶሜትርን፣ ማለትም የሜትርን 10⁻¹⁵ እጅ እንይዛለን።

«መለኪያዎቹ እጅግ ስለሚራራቁ ውጤቱ ግምት ብቻ ነው።»

ልወጣው ቅንጣት ግምት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1959 እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች በደረሱበት ስምምነት አንድ ጫማ ልክ 0.3048 ሜትር እንዲሆን ስለተደነገገ፣ አንድ ሰንሰለት 20.1168 ሜትር ነው። ፌምቶሜትርም በድንጋጌ ከሜትር የተቆረሰ በመሆኑ አንድ ሰንሰለት 20,116,800,000,000,000 ፌምቶሜትር ይሆናል፤ በስተመጨረሻ የተደረደሩት ዜሮዎችም ቁጥሩን ለማጠጋጋት የገቡ ሳይሆኑ እውነተኛ ዜሮዎች ናቸው።

«እንግዲያው ሜዳ ላይ የተዘረጋውም ሰንሰለት ይህን ያህል ፌምቶሜትር ነው።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያለው ቁጥር የሚናገረው ስለ መለኪያው ድንጋጌ እንጂ ቀያሹ በእጁ ስለሚጎትተው ብረት አይደለም። ብረት በሙቀት ይለጠጣል፤ 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአረብ ብረት የአየሩ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በ0.23 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ይህም ወደ 230 ቢሊዮን ፌምቶሜትር ይጠጋል። ጠዋት በብርድ ተለክቶ እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ከጨመረ በኋላ፣ የተደገመ ልክ በዚህ ምክንያት ብቻ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይለያያል።

በጥንቱ ሰንሰለት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረ። ክፍሎቹ በትንንሽ ቀለበቶች የተያያዙ ስለነበሩ ብረት ከብረት የሚፋተግባቸው ብዙ መቶ ቦታዎች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ሲበሉ ሰንሰለቱ በጠቅላላው ይረዝማል። የረዘመ ሰንሰለት ደግሞ በመሬቱ ላይ የሚዘረጋው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ቦታው ከእውነተኛው ልኩ አንሶ ይመዘገባል። እንዲህ ያለውን ልክ ወስዶ በ17 አኃዝ መጻፍ ስሕተቱን አያርመውም፤ እንዲያውም ይሸፍነዋል።

«ጫማ ሁሉ አንድ ነው።»

አሜሪካ ለቅየሳ ሥራ ስትጠቀምበት የኖረችው ጫማ የሜትር 1200/3937 እጅ ሲሆን፣ ከዓለም አቀፉ ጫማ በሚሊዮን ሁለት እጅ ያህል ይረዝማል። በአንድ ሰንሰለት ላይ ልዩነቱ 0.04 ሚሊሜትር፣ ማለትም 40 ቢሊዮን ፌምቶሜትር ገደማ ነው። በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ቤት የገዛ ወገናችን በቆየ የይዞታ ሰነድ ላይ ሰንሰለት ወይም ፐርች (የሰንሰለት ሩብ) የሚል መለኪያ ቢያጋጥመው ይህ ልዩነት ግቢውን አያጠብበትም። ይሁን እንጂ ከመነሻ ነጥቡ 2 ሚሊዮን ጫማ የራቀ ቦታ በመጋጠሚያ ቁጥር ሲመዘገብ ሁለቱን ጫማዎች ያምታታ ባለሙያ 4 ጫማ ይስታል። የቅየሳው ጫማ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከአገልግሎት እንዲወጣ የተወሰነውም ይህን መምታታት ለማስቀረት ነው።

«ፈርሚና ፌምቶሜትር ይለያያሉ፤ አንግስትሮምም የኒውክለስ መለኪያ ነው።»

ፈርሚ ለፊዚክስ ሊቁ ለኤንሪኮ ፈርሚ መታሰቢያ የወጣ ስም ሲሆን ከፌምቶሜትር ጋር አንድ ነው። አንግስትሮም ግን የአቶሞች መለኪያ ነው፤ አንዱ 100,000 ፈርሚ ይይዛል።

«ባርን የርዝመት መለኪያ ነው።»

ባርን የስፋት መለኪያ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ የገበሬን ጎተራ ያመለክታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩ አሜሪካውያን የፊዚክስ ሊቃውንት ለኒውክለስ ይህ ስፋት የጎተራ ያህል ነው ብለው በቀልድ ያወጡት ስም ጸንቶ ቀረ። አንድ ባርን 100 ካሬ ፌምቶሜትር ነው። ስለዚህ ወደ ባርን መለወጥ ያለበት ሰንሰለት ሳይሆን የመሬት ስፋት መለኪያው ኤከር ነው፤ በዚያም ላይ የርዝመቱ ማባዣ በራሱ መባዛት አለበት። አንድ ኤከር 10 ካሬ ሰንሰለት፣ ማለትም 4,046.8564224 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ 4.0468564224 × 10³¹ ባርን ይወጣዋል። ማባዣውን በራሱ ማባዛት የረሳ ተማሪ የሚስተው በጥቂት አይደለም፤ በአሥራ ስድስት ዜሮዎች ያህል ነው።

«ሰንሰለቱን በፕሮቶን ቁጥር መግለጽም ያው ነው።»

ያው አይደለም፤ ፌምቶሜትር በድንጋጌ የጸና ሲሆን የፕሮቶን መጠን ግን በሙከራ የሚለካ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 የፕሮቶን ሬዲየስ 0.877 ፌምቶሜትር ያህል ተደርጎ ይወሰድ ነበር። በዚያ ዓመት ኤሌክትሮኑ በሙዮን (ኤሌክትሮንን በሚመስል፣ ግን እጅግ በሚከብድ ቅንጣት) በተተካበት ሃይድሮጅን የተደረገ ልኬት 0.842 ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ ተቀባይነት ያለውም ቁጥር ከዚሁ እጅግ የቀረበ ነው። ፕሮቶኖችን ጎን ለጎን ብንደረድር በአሮጌው መጠን አንድ ሰንሰለት 1.15 × 10¹⁶ ያህል ፕሮቶን ሲይዝ፣ በአዲሱ 1.19 × 10¹⁶ ያህል ይይዛል። ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት እንኳ ሳይነካ በመቶ ትሪሊዮኖች የሚቆጠሩ ፕሮቶኖች ተጨመሩ ማለት ነው። ለነገሩ ፕሮቶን ቁርጥ ያለ ጠርዝ ስለሌለው ጎን ለጎን መደርደሩም ለምሳሌ ያህል ብቻ የሚባል ነው።

«ማንኛውም መለኪያ በዚህ መንገድ ሊለወጥ ይችላል።»

የሚለወጠው በሜትር የተደነገገው ብቻ ነው። የእኛው ጋሻ በተለምዶ 40 ሄክታር ይባላል፤ ነገር ግን ስፋቱ እንደ አካባቢውና እንደ መሬቱ ለምነት ይለያይ ነበር። ክንድና ስንዝርም የለኪውን አካል ተከትለው ያጥራሉ፣ ይረዝማሉ። 40 ሄክታር 4 × 10³³ ባርን መሆኑ እውነት ነው፤ አንድ ጋሻ ይህን ያህል ባርን ነው ብሎ ከዚያች አራት ቁጥር ቀጥሎ አኃዝ የሚጨምር ሰው ግን የሚጨምረው ከራሱ ነው።