በሰሜን ሸዋ የድሮ ሬዲዮና ቴፕ ኮንደንሰር ምርመራና ቅየራ

በሰሜን ሸዋ የድሮ ሬዲዮ በቀላሉ አይጣልም። ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ ይቀመጣል። «ሞቷል» የተባለውም ሬዲዮ ሠሪ ጋ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኮንደንሰር ሆኖ ይገኛል።

ኮንደንሰር ወይም ካፓሲተር ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቅ ዕቃ ነው። ቶሎ የሚያረጀው ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው ነው። ውስጡ በፈሳሽ የራሰ ወረቀት አለ፤ ፈሳሹ በዓመታት ብዛት ይደርቃል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል የሚል የታወቀ ስሌት አለ። እንግዲህ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ይልቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደብረ ብርሃን ለዕቃ ትመቻለች። ብርዷ እዚህ ላይ ውለታ ውላለች።

የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ስርጭት ሲጀምር ብዙ ቤት የነበረው የቫልቭ (አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) ሬዲዮ ነበር ይባላል። በኋላ ትራንዚስተር መጣ። መንዝን በመሰለ ገጠር በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ነው የገነነው።

ምርመራው በዓይን ይጀምራል። አናቱ ያበጠ ወይም እግሩ ሥር ፈሳሽ ያንጠባጠበ ኮንደንሰር መለካት አያስፈልገውም። ሬዲዮው ጣቢያ እየያዘ «እምምም» የሚል ድምፅ ካልለቀቀው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፓወሩ (ለሬዲዮው ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ትልቁ ኮንደንሰር ነው። የቫልቭ ሬዲዮ ከ200 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ቻርጁ በሬዚስተር መውጣት አለበት። ይህ የማይታለፍ ነው።

ከዚያ አንድ እግሩ ይነቀልና በባለመርፌ ቴስተር፣ በኦም በኩል ይለካል። መርፌው ወደ ዜሮ ፈንጠር ብሎ ቀስ እያለ ከተመለሰ ደህና ነው። ዜሮ ላይ ከቀረ ሾርት ሆኗል። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ደርቋል። ትንንሾቹ ላይ የመርፌው እንቅስቃሴ እምብዛም ስለማይታይ ኢ.ኤስ.አር. ሜትር (የኮንደንሰሩን የውስጥ ሬዚስታንስ የሚለካ መሣሪያ) ይሻላል።

አዲሱ በማይክሮፋራድ (በማጠራቀም አቅሙ) ከአሮጌው ጋር እኩል ወይም የተቀራረበ፣ በቮልት እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። እስከ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችለው ይመረጣል። መስመር የተሰመረበት ጎን ኔጌቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል።

ሁሉም ይቀየር ወይስ የተበላሸው ብቻ? ሬዲዮ ሠሪዎች አይስማሙም። በሰም የተነከሩት የወረቀት ኮንደንሰሮች ግን ያለጥርጥር መውጣት አለባቸው። የሴራሚክና የማይካ ኮንደንሰሮች እምብዛም አይበላሹም፤ ባይነኩ ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ሬዲዮው በተከታታይ (ሲሪየስ) በተገናኘ የ60 ዋት አምፖል በኩል መብራት ያገኛል። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ድምፁ ይጠበቃል። እንደደመቀ ከቀረ ወዲያው ይነቀላል።