«ሐሳቡን የቀየረ ሁሉ ወላዋይ ነው» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ነው። ፋርማሲስት ነኝ። ሰፈሩ ግን «ዶክተር» ይለኛል፤ እሱን ማረም ትቻለሁ። ያልተውኩት ሌላ አለ። ስለ አንድ ጉዳይ አምና ካልኩት የተለየ ነገር ስናገር፣ የዕድራችን ሰብሳቢ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉኛል። ሰው ይስቃል። እኔን ይደብረኛል።

ጋሼ፣ ተረቱ የተተረተው ለቃል ኪዳን ነው። ብድር እመልሳለሁ ያለ ይመልስ። ስለ ጨጓራ የተናገርኩትን ግን በመሐላ አላሰርኩትም።

«ሳይንስ ዛሬ ያለውን ነገ ይሽራል፣ ስለዚህ አይታመንም።» ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ማስረጃ ተደርጎ የሚመጣብኝ የጨጓራ ነገር ስለሆነ በእሱ ልሂድ። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ይመጣል ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የሚባሉ ሐኪሞች ከብዙው ቁስለት ጀርባ ባክቴሪያ አለ አሉ። «አሲድ ውስጥ ምን ባክቴሪያ ይኖራል?» ተባሉ። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ያስመልሰው ጀመር፤ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ፣ ሲታይ ጨጓራው ተቆጥቷል። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ይህንኑ ታሪክ ይዘው ነው «አየሽ፣ ተሳስተው ነበር» የሚሉኝ። አዎ፣ ተሳስተው ነበር። ስህተቱን ያገኘው ማን ሆነና? ሐኪም ነው። ያገኘውም በማይክሮስኮፕና በሙከራ ነው። የቀደሙትን አላከበርክም ብሎ የቀጣው የለም፤ እንዲያውም ሸለሙት። እኛ ሰፈር «በርበሬ ነው» ብሎ ዕድሜ ልኩን የሚከራከር ሰው ግን አቋሙ የጸና ተብሎ ይከበራል።

በርበሬ ካነሳን አይቀር፦ ቁስለት አያመጣም። የቆሰለውን ግን ሊያቃጥል ይችላል። ከባክቴሪያው ሌላ ዋናው የቁስለት ምክንያት ወገብ ባመመ ቁጥር እንደ ቆሎ የሚቃመው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው። ጨጓራ እያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትግዙ። እኔም አልሸጥላችሁም።

«አንስታይን ኒውተንን አፈረሰው።» አላፈረሰውም። የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ዛሬም የሚሰላው በኒውተን ነው። አንስታይን የመለሰው ኒውተን ያልደረሰበትን ነው፤ ለምሳሌ የፕላኔቷ የሜርኩሪ ምሕዋር በመቶ ዓመት ውስጥ የሚያሳየውን፣ የአንድ ዲግሪ ሰማንያኛ እንኳ የማይሞላ ፈቀቅታ።

«ሳይንስ የገባው ሰው እምነት የለውም።» የቢግ ባንግን፣ ማለትም የዓለሙን አጀማመር የሚያስረዳውን፣ ሐሳብ የጠነሰሰው ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። እንለፍ።

«ፍልስፍና ያሳብዳል።» ያሳበደው ሰው አልገጠመኝም፤ ያናደደው ግን ሞልቷል። ዘርዓ ያዕቆብን ውሰዱ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአክሱም ሰው፣ ሁሉን በልቦናችሁ መርምሩ የሚል ሐተታ ጽፏል ተብሎ እንኮራበታለን። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር ግን እ.ኤ.አ. በ1920 ጽሑፉ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ፣ የሚሲዮናዊው ሥራ ነው አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የዘርዓ ያዕቆብ ነው ብሎ ተሟገተ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ተማሪ እያለሁ ነገሩ ጥያቄም አይመስለኝ ነበር። አሁን ወደ ሰምነር ባደላም የሌላውን ወገን ማስረጃ አልንቅም። ይሄን ስል «ባንዳ» የሚለኝ አይጠፋም። መርምሩ የሚለውን መጽሐፍ የሚወድ ሰው መጽሐፉ ሲመረመር ይቆጣል! ይሄ እንዴት እንደሚሆን የገባው ሰው ያስረዳኝ።

«ነፃነት ማለት የፈለጉትን ማድረግ ነው።» እዚህ ላይ የእኔም ሐሳብ ብዙ ተጉዟል። ተመርቄ ስወጣ ሰው ለራሱ ጥቅም ሲባል ቢገደድ ቅር አይለኝም ነበር። ዋጥ ከተባለ ይዋጥ! በኋላ የእንግሊዛዊውን የጆን ስቱዋርት ሚልን የ1859 (እ.ኤ.አ.) ሙግት አነበብኩ፦ አዋቂን ሰው ማስገደድ የሚቻለው ሌላውን እንዳይጎዳ ሲባል ብቻ ነው፤ ለራሱ ይበጀዋል ማለት አይበቃም። አሳመነኝ። አሁን ጨጓራውን እያመመው በባዶ ሆዱ ሦስት ሲኒ ቡና የሚጠጣውን መክሬው እተወዋለሁ።

አንቲባዮቲክ ላይ ግን አልተውም። አንዲት እናት ለጨጓራ ባክቴሪያ የ14 ቀን መድኃኒት ታዞላቸው ነበር። ቶሎ ሻል ሲላቸው የቀረውን ካፕሱል ከነማሸጊያው በመቀስ ቆርጠው ለእህታቸው አካፈሉ። ስቆጣቸው «ልጄ፣ ሆዱም የኔ፣ ብሩም የኔ» አሉኝ።

እማማ፣ ሆዱስ የእርስዎ ነው። በጅምር መድኃኒት ሳይሞት የተረፈው ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል፤ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብም ይተላለፋል። ነገ የልጅ ልጅዎ ሲያመው ያው ካፕሱል ላይሠራለት ይችላል። ሚል ራሱ እዚህ መስኮት ላይ ቢቆም ከእኔ ጋር ነው የሚሆነው።

«የግለሰብ ነፃነት የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉት ደግሞ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 አለላቸው፦ ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት መያዝ ይችላል። መያዝ ከቻለ መቀየርም ይችላል፣ ጋሼ።

ወደ ሥራዬ ልመለስና፦ አሞክሲሲሊን ያለ ማዘዣ አትጠይቁኝ፤ «ግማሹን ስጪኝ»ም አትበሉ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከምግብ በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዋጣል። የባክቴሪያውን መድኃኒት ከጨረሳችሁ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ መጥፋቱን ለማወቅ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። በደም መመርመር ለዚህ አይሆንም። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ደም ላይ ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ሌላ 14 ቀን ለመዋጥ የምትመጡ አላችሁ።