በግ መሸለት፦ ባሕር ዳር የሚባለውና እውነታው

«የእኛ በግ አይሸለትም፤ ያ የፈረንጅ ሥራ ነው።»

ግማሹ ልክ ነው። ከጎጃም በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው የዋሸራ በግ ጸጉሩ አጭርና ልሙጥ ስለሆነ መቀስ አያስፈልገውም። ከጣና ማዶ፣ ከፋርጣና ከደብረ ታቦር የሚመጣው ግን ጸጉራም ነው። እሱን ዝም ብሎ መተው ጉዳት አለው። መጀመሪያ የሚጠየቀው በጉ የየት እንደሆነ ነው።

«ጸጉሩ የበዛ በግ የሰባ ነው።»

በበዓል ገበያ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጸጉር ክሳትን ይሸፍናል። ዓይናችሁን አትመኑት። እጃችሁን ከመጨረሻው ጎድን አለፍ አድርጋችሁ ወገቡ ላይ ጫን በሉ። የአከርካሪው ጫፍ ሹል ሆኖ ከቆረቆራችሁ፣ በጉ ከሲታ ነው። አጥንቱን ለማግኘት ጠንከር ብላችሁ መጫን ካስፈለጋችሁ ግን ሥጋ ይዟል። በተለይ ላቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ እንዳትገዙ።

«ተባዩን መድኃኒት ያጠፋዋል፤ መሸለት ምን ይፈይዳል?»

የአንገቱንና የትከሻውን ጸጉር ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ክንፍ የሌላት ደም መጣጭ ዝንብ ልታገኙ ትችላላችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ የምትኖረው በጉ ላይ ነው። ልጆቿም ቡናማ ፍሬ የሚመስል ቅርፊት ውስጥ ሆነው ጸጉሩ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ጸጉሩ ሲቆረጥ አብዛኞቹ አብረው ይወገዳሉ። ከዚያ በኋላ የሚረጨው መድኃኒትም ቆዳው ድረስ ይዘልቃል። ቆዳ ገዢዎች «እከክ» ብለው ዋጋ የሚቀንሱበትን ጉዳት የሚያመጡትም በዋናነት እነዚህ ዝንቦችና ቅማል ናቸው። የተሸለተውን ጸጉር ታዲያ በረት ውስጥ አትተዉት።

«ጸጉሩን እግዜር ሰጥቶታል፤ መቁረጥ ማሠቃየት ነው።»

ጸጉር ሲቆረጥ አያምም፤ የሚያመው ቆዳ ሲነካ ነው። ቆዳውን ወጠር፣ መቀሱን ጋደም አድርጉት። ብብትና ጡት አካባቢ ቀስ በሉ። በጉ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ሳይበላ ይደር፤ ሆዱ ሞልቶ በቂጡ ሲቀመጥ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጸጉሩ እንዲበዛ ተብሎ የተዳቀለ ዝርያማ ሳይሸለት ከቀረ ነው የሚሠቃየው። በ2015 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ከመንጋው ጠፍቶ የቆየ ሜሪኖ በግ ሲሸለት ከ40 ኪሎ በላይ ጸጉር ወጥቶለታል። የፋርጣ በግ እዚያ አይደርስም።

«በማንኛውም ወር ይቻላል።»

አይቻልም! ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተሸለተ በግን ዝናብና ብርድ ሊገድለው ይችላል። የረጠበ በግም አይሸለትም። ወደ ጉና ተራራ ከፍ ሲባል ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለ። ለጣና ዳር የካቲት መጨረሻና መጋቢት ይሻላል፤ ሙቀቱ ይቀልለታል፣ ክረምት ሳይገባም ጸጉሩ መለስ ይላል። የቀትር ፀሐይ ቆዳውን እንዳይፈጀው እስከ ሥሩ አትላጩት። ለጥቂት ቀናት ጥላ አዘጋጁለት፣ መኖም ጨመር አድርጉለት።