የቢዝነስ ትምህርት በድሬዳዋ፦ ዲኑና የደረጃ ሰንጠረዡ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። የጂቡቲው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ተቆረቆረች፤ ከዚያ ወዲህ እንጀራዋ ንግድ ነው። ከፊራ ገበያ ጎራ በሉ። አንዷ ነጋዴ ለአንዱ ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ለቀጣዩ በሶማሊኛ፣ ለሦስተኛው በአማርኛ ዋጋ ስትነግር ትሰማላችሁ። ሒሳቡን በቃሏ ነው የምትይዘው።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ትምህርቱ ያረፈው እዚህ መሀል ነው። ወደ ሐረር በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለው፣ ከግብርና ኮሌጅነት ያደገው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ቢዝነስ ያስተምራል።

እንዲህ ያለውን ኮሌጅ የሚመራው ዲን ነው። መምህር ይመድባል፣ ሥርዓተ ትምህርት ያስከልሳል፣ ተማሪውን ለተግባር ልምምድ ወደ ባንክና ፋብሪካ ይልካል። በሌላው ዓለም ግን ዲን የሚመዘንበት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የደረጃ ሰንጠረዥ። ቢዝነስዊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1988፣ ፋይናንሻል ታይምስ ጋዜጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ደረጃ ማውጣት ጀመሩ። የጋዜጣው ስሌት ለተመራቂው ደመወዝ ትልቅ ቦታ ይሰጣል። በዚህ ሚዛን የከፊራዋን ነጋዴ ልጅ አስተምሮ ወደ እናቱ ሱቅ የመለሰ ኮሌጅ ምንም አያገኝም። እኔ ይህን ትልቅ ጉድለት ነው የምለው።

ሰንጠረዡ ሰውን የት እንደሚያደርስ በአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ ታይቷል። የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ፎክስ የቢዝነስ ትምህርት ቤት በኦንላይን ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ለአራት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ተባለ። ለደረጃ አውጪው የተላከው መረጃ ግን ሐሰት ነበር። ገቢ ተማሪዎች በሙሉ የመግቢያ ፈተና ውጤት አስገብተዋል ተባለ፤ ያስገቡት ከአምስት አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዲኑ ሞሼ ፖራት እ.ኤ.አ. በ2018 ከኃላፊነት ተነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የ14 ወር እስራት ተፈረደባቸው። አንደኛ የሚለውን አምነው የከፈሉት ተማሪዎች ያሳዝኑኛል።

በእኛ አገር የዚህ ዓይነት ጫና የሚመጣው ከመውጫ ፈተና ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ተጀመረ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ውጤት በወጣ ቁጥር «ከየትኛው ግቢ ስንት አለፈ?» መባሉ አይቀርም። ፈተናው ይጠቅማል። አደጋው፣ የመጨረሻው ዓመት የጥያቄ ልምምድ ብቻ ሆኖ ሲያልቅና ለተግባር ልምምዱ ጊዜ ሲጠፋ ነው።

ለድሬዳዋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ ነው። አዲሱ የጂቡቲ ባቡርም በዚሁ ያልፋል። እዚህ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ቢሮ ገብቶ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማሳወቂያ ቅጽ) መሙላት የሚችል፣ የኮንቴይነር ወረቀት አይቶ ስሕተቱን የሚለይ ተመራቂ ይፈለጋል። ይህን ችሎታ የሚቆጥር ሰንጠረዥ አላየሁም። አንድ ዲን ግን ትራንዚተሮቹን ራሱ ሄዶ ሊጠይቃቸው ይችላል። የቀትሩ ሙቀት በረድ ብሎ ሱቆች ሲከፈቱ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ብቅ ቢል ያገኛቸዋል።