የጠረፍ ጂኦፖለቲክስ ተመራማሪነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የሩቅ ጠረፎችን ጂኦፖለቲክስ (የመሬት አቀማመጥና የፖለቲካን ግንኙነት) ማጥናት የዕድሜ ልክ ሙያ ሊሆን እንደሚችል ደሴ ላይ ለተማሪዎች ስነግር፣ ከእነርሱም ከወላጆቻቸውም ተመሳሳይ አስተያየቶች ደጋግመው ይነሡብኛል። ወሎ የደጋው ሰውና የአፋር ቆላ የሚገናኙበት ምድር በመሆኑ፣ እነዚህ ስሕተቶች እዚህ ሲነገሩ ይበልጥ ያሳዝኑኛል።

«ጠረፍ ሰው የሌለበት ዳርቻ ነው።» ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው፣ የአፋር አርብቶ አደሮች ግመልና ፍየል ይዘው እህል ካመጣው የደጋ ገበሬ ጋር ሲገበያዩ ያያል፤ አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛም በአንድ ገበያ ይሰማል። በ1908 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያና ኢጣሊያ የተፈራረሙት ውል ግን የኢትዮጵያና ያኔ በኢጣሊያ ሥር የነበረችው የኤርትራ ድንበር ከቀይ ባሕር 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ከዳርቻው ጋር ትይዩ እንዲሄድ ወሰነ፤ ልኬቱ የተነሣው ከባሕሩ እንጂ ከአፋሩ የግጦሽ መሬትና የውሃ ጉድጓድ አልነበረም። ዛሬ የአፋር ሕዝብ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ተከፍሎ የሚኖር በመሆኑ፣ ይህን መስመር የሚያጠና ሰው ከሕዝቡ አኗኗር ካልተነሣ የሚጽፈው የወረቀቱን ታሪክ ብቻ ይሆናል።

«ካርታ ማንበብና እንግሊዝኛ ማወቅ ይበቃል።» አይበቃም፤ ማስረጃውም እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው። በ1889 ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የኢጣሊያን እርዳታ መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ግን በኢጣሊያ በኩል እንዲሆን የሚያስገድድ ነበር፤ ከዚህ ልዩነት የተነሣው ክርክር በ1896 ዓድዋ ላይ ደረሰ። ስለዚህ ወጣቱ ተመራማሪ የውሎቹን ቋንቋዎችና የጠረፉን ሰው ቋንቋ በመማር ዓመታት ቢያሳልፍ፣ ጊዜውን አባከነ አልልም።

«እንጀራ አያበላም።» ዩኒቨርሲቲዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና መቀመጫውን ጅቡቲ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ኢጋድ ይህን ዕውቀት ይፈልጋሉ። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ ወደ አሰብ ይጓዝ የነበረው ጭነት በ1998 በተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ምክንያት ወደ ጅቡቲ መዞሩን የሚያስታውስ ነጋዴም የጥናቱን ጥቅም አይጠራጠርም።

«የሚጠይቅ ሁሉ ሰላይ ነው።» ጥርጣሬው ከመከራ የመጣ ስለሆነ አላቃልለውም። ሆኖም አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት መልሱን ይዟል፤ በመንገድ የተገናኙ ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን እርስ በርስ ይነጋገራሉ እንጂ አንዱ ብቻ ጠይቆ አይሄድም። ተመራማሪውም ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣና ጽሑፉ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ መናገር፣ ያናገራቸውንም ሰዎች ስም መሸሸግ አለበት፤ ጽሑፉ ሲያልቅም ተመልሶ ለእነርሱው ያነብላቸዋል።